ከቱቦው አፍ የወጣው ቀይ ነገር

ቅዳሜ ጠዋት የሰው ቆሻሻ ለመልቀም ከአልጋው የሚነሳ ጎረምሳ አለ ብሎ የነገራቸው ሰው ቢኖር፣ እማማ የሺሃረግ ውሸታም ብለው ያባርሩት ነበር። የገዛ አልጋቸውን የማያነጥፉ ልጆች! ይኸው ግን ዓይናቸው እያየ፣ የአማርኛው ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ኦክላንድ ባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ ገብተው፣ ጓንት አጥልቀው፣ የቢራ ጠርሙስና የፕላስቲክ ኩባያ ይለቅማሉ። አንዱ የሱፐርማርኬት ጋሪ ከአረንቋው ሲጎትት ወገቡ ሊቀነጠስ ምንም አልቀረው። አንዷ ደግሞ የአንድ እግር የሴት ጫማ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ የጫማውን ባለቤት የምትፈልግ ይመስል ትጮኻለች።

እማማ ነጠላቸውን በሹራባቸው ላይ ጣል አድርገው ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የመጡት ለቆሻሻው ብለው አይደለም። የልጅ ልጃቸው ምሥጢር ከዚህ ስትጨርስ ፍሩትቬል ገበያ ልትወስዳቸው ቃል ስለገባች ነው። ምሥጢር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ገና በቅርቡ ሲሆን፣ እናቷ ሆስፒታል ሥራ በምትገባበት ቀን አያቷ በእሷ እጅ ናቸው። እማማ ዝም ብለው ሊጠብቁ ነበር የመጡት። ግን አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ከገባ ሥሩ ድረስ ሳይጠይቁ የማይለቁ ሴት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ምላሳቸው ግን የተማረ ነው።

"ምሥጢር፣ ነይ እስቲ። ማነው ይሄን ሁሉ የጣለው?"

"ሰው ነዋ እማማ።"

"የትኛው ሰው? እዚህ ድረስ ጋሪ እየገፋ መጥቶ የሚጥል ሞኝ አለ?"

"ኖ፣ ኖ፣ እዚህ አልጣሉትም። መንገድ ላይ ነው የሚጥሉት። ዝናቡ ይወስደዋል። መንገዱ ዳር ብረት አለ አይደል፣ ፍርግርጉ? በዚያ ገብቶ በዚህ ይወጣል።" ከድንጋዮቹ መካከል አፉን የከፈተ፣ ሰው አጎንብሶ የሚያልፍበት የሲሚንቶ ቱቦ በጣቷ አሳየቻቸው።

እማማ ቱቦውን አዩት። ከዚያ ልጅቷን አዩ። "መሃል ላይ የሚያጣራው ማሽንስ?"

"ማሽን የለም። ማሽን ያለው የሽንት ቤቱና የኪችኑ ነው። ይሄ ዳይሬክት ነው የሚሄደው፣ ወደ ቤይ፣ ወደ ባሕሩ።"

"በይ ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ። ሰው ጨረቃ ላይ ያወጣ አገር ለመንገዱ ውሃ ማሽን ሊያጣ!"

አላመኗትም። ግን ዓይናቸውን ከቱቦው አፍ ሊነቅሉት አልቻሉም። ውሃው ከየት ተነስቶ፣ በስንት ሰው ደጃፍ ሥር አልፎ ይሆን እዚህ የደረሰው? በሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ከእግራቸው በታች ሌላ መንገድ እንዳለ እስከዛሬ ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ፀሐዩ ከፍ ሲል ቱቦው አፍ ጋ የነበሩት ልጆች "ናዖድ! ናዖድ!" ብለው ጮኹ። ናዖድ የወጣቶቹ መሪ ነው። ሳን ሆዜ ኮሌጅ ይማራል፤ ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ነው፤ ቅን ልጅ ነው፣ ብቻ ከመስማቱ መናገሩ ይቀድማል። ሮጦ ሄደ። ምሥጢርም ተከተለችው። እማማንስ ማን ያስቀራቸዋል? ምርኩዛቸውን ይዘው ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ወረዱ።

ውሃው ላይ ቀይ ነገር ተኝቷል። ደም እንዳይባል ወደ ብርቱካን ያደላል። ድንጋዩን ለብሶታል፣ ቄጠማው ሥር ተጠራቅሞ በማዕበሉ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዲት ጥቁር ዳክዬ ደረቷ በሙሉ ቀልቶ፣ ላባዋ እርስ በርሱ ተጣብቆ ትንደፋደፋለች። ልትዋኝ ስትል ትሰጥማለች፣ ልትበር ስትል ክንፏ አልላቀቅ ይላታል። ምሥጢር ሹራቧን አውልቃ ጠቀለለቻትና እንደ ሕፃን ታቀፈቻት።

"ይኸውላችሁ!" አለ ናዖድ። "በገና ሰሞን ያየነው ራሱ ነው! ተመልሶ መጣ። ቀለም ነው። የኤርኔስቶ ቀለም።"

ኤርኔስቶን እማማም በዓይን ያውቁታል። ጉባኤያቸው ከሚሰበሰብበት አዳራሽ አንድ መንገድ አለፍ ብሎ መኪና የሚቀባ ሜክሲኳዊ ነው። ልጆቹ በገና በዓል ሰሞን ያዩትን ቀይ ነገር እሱ ደጃፍ ከቆመ ቀይ ፒክአፕ ጋር አገናኝተው ፈርደውበት ካደሩ ቆይተዋል። ምሥጢር ራሷ በሰፈሩ በር በር እየዞረች "ይሄ ሰው ባሕራችንን እየመረዘ ነው፣ ማክሰኞ ስብሰባ ኑ" ስትል ሰንብታለች። ማክሰኞ የከተማው አስተዳደር ሰዎች ይመጣሉ፤ ወጣቶቹን ወክላ የምትናገረውም እሷ ናት። ከሰሟት፣ ምርመራው እስኪያልቅ የኤርኔስቶ ጋራዥ ይዘጋል።

"ሲደፋ አይታችሁታል?" አሉ እማማ።

"ማየት አያስፈልግም እማማ" አለ ናዖድ። "ቀይ መኪና ይቀባል፣ ቀይ ነገር ይወጣል። ሌላ ማን አለ?"

"እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ የተማርከው አንተ። ቀለም ይደርቃል ብዬ ነው። ይሄ ለምን አልደረቀም?"

"ኬሚካል አለበት" አለ ናዖድ።

እማማ ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው ድንጋዩን ጠረግ አደረጉት።

"ዶንት ታች ኢት! እማማ! መርዝ ነው!"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ በጣቴ በኩል ልሞት ነው? አትጩኺብኝ።" በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ያሟልጫል። ወደ አፍንጫቸው ቢያስጠጉት የጭቃው ግማት የሁሉን ሽታ ውጦታል። ጣታቸውን በመሐረባቸው ጠርገው፣ መሐረቡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ናዖድ ዳክዬዋን ካርቶን ውስጥ አድርጎ ወፍ ወደሚያክሙ ሰዎች ይዟት ሄደ። ምሥጢርና እማማ ደግሞ ወደ ገበያ መንገድ ጀመሩ። የመኪናው መስኮት ተዘግቷል፤ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ እማማ ጭን ላይ ወርዳለች።

"ማነው መኪና ውስጥ ወጥ ያስቀመጠ?" አሉ እማማ።

"ወጥ የለም።"

"አለ። ይሸተኛል። የዶሮ ወጥ ነው።"

"እማማ፣ ርቦዎት ነው።"

አልራባቸውም። አፍንጫቸው ደግሞ ዋሽቷቸው አያውቅም። ከኋላ ወንበር አዩ፣ ከእግራቸው ሥር አዩ። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በፀሐይ የሞቀውን መሐረብ አወጡና አሸተቱት። ክው አሉ። በርበሬ ነው። ነጭ ሽንኩርት አለበት። ኮረሪማው በዝቷል፤ ያን ያህል ኮረሪማ የሚያበዛ እጅ ደግሞ በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእማማ የሺሃረግ እጅ ነው።

"ምን ሆኑ?"

"ምንም። አንቺ መንገድሽን እያየሽ ንጂ።"

ገበያ ገብተው ሽንኩርቱን ሳይመርጡ፣ ሻጩን ሳይሰድቡ ገዙ። ምሥጢር ታመሙ እንዴ ብላ ግንባራቸውን ዳሰሰች።

ስለዚህ የዶሮ ወጥ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዓል ሲመጣ ሴቶቹ አዳራሹ ወጥ ቤት ተሰብስበው ለጉባኤው በሙሉ ይሠራሉ። ቅባቱ ከላይ ያልተንሳፈፈ ወጥ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው፤ ስስታም ያሰኛል። በሌላ በኩል የጉባኤው ግማሽ "ኮሌስትሮል አለብህ፣ ስብ ተው" ተብሏል፤ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሁሉ ሌላ ወሬ የለውም። እማማ የሺሃረግ ሁለቱን አስታረቁ። ዘይቱና ቅቤው እንደ ወጉ ይገባል፤ ሁሉም ሲገባ ያያል፣ አንጀቱ ይርሳል። ወጡ ሲበስል ደግሞ ቅባቱ በጭልፋ ተገፎ ይወጣል። ለክብሩ ይገባል፣ ለሐኪሙ ይወጣል። በዚህ ዘዴያቸው ያልተኩራሩበት ቀን የለም። የተገፈፈው ቀይ ዘይት ብቻውን ትልልቅ ድስቶች ይሞላል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚገባ ግን ጠይቀው አያውቁም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ እታገኝን ወጥ ቤት ያዟት። እታገኝ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ በበዓል ቀን የእማማ ቀኝ እጅ እሷ ናት።

"የፋሲካውን ዘይት የት ደፋችሁት?"

"ሲንክ ውስጥማ አልደፋንም!" አለች እታገኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "አምና ሲንኩ ተደፍኖ የአዳራሹ ባለቤት እንዴት እንደጮኸብን ረሱት እንዴ? ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አላስገባንበትም። ፋሲካ አልፎ ሐሙስ ዕለት የቀሩትን ድስቶች ስናጥብ ተሸክመን አውጥተን፣ ያ መንገድ ዳር ያለው ብረት ውስጥ ነው የደፋነው። ወገባችን እስኪቆረጥ! ሙቅ ውሃ በሳሙናም አስከትለንበታል፣ እንዳይሸት።"

"የገናውንስ?"

"የገናውም እዚያው ነው።"

"ከዚያ ወዲያ ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?"

"ወደ ማሽኑ ነዋ።"

"የቱ ማሽን?"

እታገኝ አሰበች። "እኔ እንጃ እማማ፣ አሜሪካ አይደል? የሆነ ማሽን አያጣም።"

እማማ የሺሃረግ ትናንት ራሳቸው ያሉት ይህንኑ ነበር። ከሰው አፍ ሲሰሙት ግን የሞኝ ንግግር ሆነባቸው። ቢሆንም በመሐረብ ሽታ ብቻ የሚያምኑ ሴት አይደሉም። ምሥጢርን ጠሯት።

"ትናንት ብረቱ ጋ የገባ ቱቦው ጋ ይወጣል ብለሽኛል። አሳዪኝ።"

"እንዴት አድርጌ?"

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕፃናት የተረፈ አንድ ትልቅ ከረጢት ፈንዲሻ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እማማ አነሱት። "ይሄ ይንሳፈፋል። ነጭ ስለሆነ ዓይኔ ያየዋል። ማሽን ካለ እዚያው ይቀራል። ከሌለ ይወጣል።"

ምሥጢር በሳቅ ሞተች። "እማማ፣ ዛት ኢዝ ሳይንስ!"

"ፈንዲሻ ነው። ያዢልኝ።"

ግማሹን ለእታገኝ ሰጧት፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ ብረቱ ውስጥ ጨምራ የአዳራሹን የአትክልት ማጠጫ ጎማ እንድትለቅበት አዘዟት። እታገኝ እናንተ አብዳችኋል አለች፣ ግን ታዘዘች። የቀረውን ምሥጢር ይዛ ባሕር ዳር ወረዱ።

ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል። ቱቦው አፍ ላይ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ቁጭ ብለው ጠበቁ። ምሥጢር ስለ ማክሰኞ ታወራለች፤ ምን እንደምትለብስ፣ ማይክ ሲሰጧት ምን ብላ እንደምትጀምር። እማማ አይሰሟትም። ቱቦው ጥቁር አፉን ከፍቶ ያያቸዋል፣ እነሱም ያዩታል። ውስጡ ምን ይመስል ይሆን? አይጥ አለበት? ሰው ገብቶ ያውቃል? እታገኝ ጎማውን ዘግታ ሄዳ ይሆን?

ቀድመው ያወቁት ወፎቹ ናቸው። ምሰሶ ላይ አንቀላፍቶ የነበረ አንድ ነጭ የባሕር ወፍ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ተነሳ፣ ቱቦው አፍ ላይ ዘፍ አለ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ ሰማዩ ሙሉ ጩኸት ሆነ። እማማ ተነስተው ቆሙ። አንድ ነጭ ፈንዲሻ ውሃው ላይ እየተሽከረከረ ወጣ። ቀጥሎ አምስት ስድስት። ቀጥሎ እፍኝ ሙሉ።

"አላልኩዎትም!" ምሥጢር ዘለለች። "ማሽን የለም! ዳይሬክት!"

"አልሽኝ፤ አንቺ ልክ ነሽ" አሉ እማማ። ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው ብዙ የለም። "አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ፈንዲሻ በማን ብረት ነው የገባው?"

"በእኛ።"

"የወጣውስ?"

"እዚህ..." አለችና ቆመች። ቀዩ ነገር እንደ ትናንቱ ድንጋዩ ላይ ተለጥፏል። እማማ መሐረቡን ዘረጉላት።

"አሽቺ።"

አሸተተች። መልሳ አሸተተች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ አልታወቀም። "ኦ ማይ ጋድ። ዶሮ ነው።"

"ዶሮ ነው።"

"ኖ። ኖ እማማ። ሜይቢ የኤርኔስቶም ብረት እዚሁ ነው የሚወጣው። ሜይቢ ሁለቱም!" ከረጢቱን ይዛ ሮጠች። መኪናዋን አስነስታ፣ የቀረውን ፈንዲሻ በኤርኔስቶ ደጃፍ ባለው ብረት ከውሃ ጋር ልትጨምር ሄደች። እማማ ብቻቸውን ከወፎቹ ጋር ቀሩ። ወፎቹ የመጀመሪያውን ፈንዲሻ ጨርሰው ድንጋዩ ላይ ተደርድረው እሳቸውን ይመለከታሉ፣ ሌላ አለሽ ወይ የሚሉ ይመስላሉ። ቆይቶ አንዱ ተነሳ። እማማ ዓይናቸውን ቱቦው ላይ ተከሉ። ወፉ ግን ወደ ቱቦው አልመጣም። ራቅ ብሎ ወዳለው ድልድይ በረረ፤ ሁሉም ተከትለውት ሄዱ። እዚያ፣ ከድልድዩ ሥር፣ ሌላ ቱቦ ኖሯል። ከእሱ ሥር ያለው ውሃ ይደፍርስ እንጂ ቀይ ነገር የለበትም።

ምሥጢር ስትመለስ ወፎቹ ያሉበትን አየች። የእማማን ወንበር አጣጥፋ መኪና ውስጥ ከተተችው።

አዳራሹ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል፤ እታገኝ አፏ አያስቀምጥም። ጋሽ ጉዲና፣ የጉባኤው ሽማግሌ፣ ክራቫቱን እንዳሰረ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ደህና ሰው ነው፣ ሥጋቱ ብቻ ይበዛል። ናዖድም አጠገቡ አለ። ዳክዬዋ ሌሊት እንደሞተች የሰማ ፊት ነበረው፤ አሁን ደግሞ ይሄን ሰማ።

"እማማ፣ ይሄ ነገር ከዚህ በር እንዳይወጣ" አለ ጋሽ ጉዲና። "ከሰው ሳሎን ሰው ሳሎን ስንንከራተት ኖረን ነው ይሄን አዳራሽ ያገኘነው። ባለቤቱ ከሰማ ነገ ውጡ ይለናል።"

"ሰውየውስ?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ጋራዡን ሊዘጉበት ያሉት።"

"እኛ ምን አልን? ምሥጢር ማክሰኞ አትናገር፣ በቃ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም።"

"ትናገር አትናገር፣ ሰፈሩ ሁሉ እሱ ነው ብሎ ይዟል። በዚህች ልጅ አፍ ነው የሰማው። ዝም ካልክማ ፈርመህ ሰጠሃቸው ማለት ነው።"

ጋሽ ጉዲና ቀላ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘይቱን ያስገፈፉት እርስዎ ነዎት።"

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አሉ እማማ። "ሁሉን ስጠይቅ የት እንደሚደፋ አልጠየቅኩም። አሁን ጠየቅኩ። አንተ ደግሞ ሳትጠይቅ መልሱን ልትደብቅ ነው።"

ምሥጢር ግድግዳው ጥግ ተቀምጣ ታለቅሳለች። "እኔ አልችልም። ስኩል ያሉት ሁሉ ይመጣሉ። ናዖድ፣ አንተ ተናገር።"

"እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ፣ እናገራለሁ" አለ ናዖድ።

እማማ አጠገቧ ተቀመጡ። አላባበሏትም፤ ማባበል አይችሉበትም። "እኔ እንግሊዝኛ ቢኖረኝ እቆም ነበር። የለኝም። አንቺ አለሽ። የሰውየውን ደጃፍ አልፈሽ በር በር የዞርሽውም አንቺ ነሽ እንጂ ናዖድ አይደለም። ሌላ የምልሽ የለም።"

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ሞላ። ምሥጢር እስከዚያ ድረስ እናገራለሁም አልናገርምም አላለችም። እማማ ሁለተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ከፊት ለፊታቸው መነጽር ያደረገች የከተማው ሴትዮ አለች። ከጎናቸው፣ ከመተላለፊያው ማዶ፣ ኤርኔስቶ ተቀምጧል፤ አጭር፣ ጸጉሩን በውሃ ያበጠረ፣ ቀለም የገባበት ጥፍሩን ለመደበቅ እጁን ብብቱ ሥር የወሸቀ። ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም።

ምሥጢር ተጠራች። ማይኩ ጋ ሄዳ ቆመች። ከዚያ መናገር ጀመረች።

እማማ ከሚሰሙት እንግሊዝኛ ጥቂቱን እንኳ አይጨብጡትም። ስለዚህ ልጅቷን ትተው የኤርኔስቶን ፊት አዩ። እውነቱን ከተናገረች እዚያ ላይ ይነበባል፤ ካልተናገረችም እዚያው ላይ ነው። መጀመሪያ መንጋጋው ጠበቀ። ስሙን ሰማ። እማማም ስሙን ሰሙ። ከዚያ የሰውየው ቅንድብ ተነሳ። እጁ ከብብቱ ወጣ። "ቸርች" የሚል ቃል መጣ፤ እሱን እማማ ያውቁታል፤ ከኋላ ያሉት የጉባኤው ሰዎች አንገታቸውን ሲደፉ ሹክሹክታው ተሰማቸው። ቀጥሎ "ቺክን" ተባለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የምሥጢር ጉንጭ እሳት መሰለ፤ ግን አልተቀመጠችም፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ ቀጠለች።

ኤርኔስቶ አልሳቀም።

መነጽር ያደረገችው ሴትዮ የሆነ ነገር ጠየቀች። ምሥጢር ዞር ብላ አያቷን አየች፣ ከዚያ የኋላውን ረድፍ። እማማም ዞሩ። ጋሽ ጉዲና ክራቫቱን እየነካካ ቆሟል። በተሰባበረ እንግሊዝኛው አዳራሹ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከራየው ተናገረ። የፈራው ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም፤ ባለቤቱ በማግስቱ ተቆጥቶ ተቆጥቶ፣ የቅባት መጣያ በርሜል እስኪቆም ድረስ ወጥ ቤቱን ቆለፈባቸው እንጂ አላስወጣቸውም። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ያውቃል?

ሲወጡ ኤርኔስቶ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። እማማ ይቅርታ ተቀብሎ የሚስቅ ሰው ጠብቀው ነበር። ኤርኔስቶ ተቆጥቷል። በዝግታ፣ እየቆጠበ ተናገረ፤ ምሥጢር አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

"ምን አለ?"

"ሁለት ደንበኛ ጠፋብኝ ይላል። ልጁን ስኩል ውስጥ የመርዛሙ ልጅ ይሉታል ይላል።" ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "እዚህ አዳራሽ የመጣው ከሰፈሩ ጥቂቱ ብቻ ነው። በር በር እየዞርሽ ስሜን እንዳጠፋሽው፣ በር በር ዞረሽ መልሺው ይላል።"

እማማ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ትክክል ነው በዪው። እኔም አብሬ እዞራለሁ በዪው።"

ምሥጢር ተናገረች። ኤርኔስቶ አሮጊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩሮ አያቸው፤ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ያን ሁሉ ዘይት አፍልታችሁ መልሳችሁ የምትጥሉት ለምንድን ነው ይላል።"

እማማ መልስ የማያጡ ሴት ነበሩ። "ሲመቸው ይምጣና እነግረዋለሁ በዪው" አሉ፤ ከዚያ ወደ መኪናው እስኪደርሱ ድረስ መልሱን ለራሳቸው ሲፈልጉ ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ምሥጢርና እማማ በር በር ለመዞር ወጡ። ናዖድም የመንገዱን ወዲያኛውን ወገን ይዞ ይዞራል፤ ገና ከመጀመሪያው በር ላይ ውሻ አባረረው። ምሥጢር የመጀመሪያውን ቤት ደወል ተጭና ወደ ኋላ ልትሸሽ ስትል እማማ ምርኩዛቸውን ከኋላዋ አጋድመው ቆሙ።

አንዲት ሽርጥ የታጠቀች ሴት ከፈተች። ምሥጢር ጀመረች፤ ተንተባተበች፤ እንደገና ጀመረች። ሴትየዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማቻት፣ ከዚያ በግማሽ እንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች።

"ምን አለች?"

"ማነው የላከሽ ትላለች። ኤርኔስቶ ነው ወይ?" ምሥጢር ወደ ሴትየዋ ዞራ፣ በዚህ ጊዜ ሳትንተባተብ፣ መለሰችላት። ከዚያ ለአያቷ በአማርኛ ደገመችው፤ "ማንም አልላከኝም፣ ራሴ ነኝ የመጣሁት አልኳት።"

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ምሥጢር አመስግና ወደሚቀጥለው በር መንገድ ጀመረች። እማማ የሺሃረግ ግን ከደረጃው አልወረዱም። ከሴትየዋ ጀርባ ምድጃው ላይ የተጣደ ትልቅ ድስት አለ፤ ከላዩ ቀይ ነገር ተንሳፍፎበታል። አንገታቸውን አስግገው፣ ምን እንደሆነ፣ ሲገፈፍስ ወዴት እንደሚደፋ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጠይቋት ያስቡ ነበር።